ኦዳ ወይስ ዳጉ? የመምህራን መነጋገሪያ የት ይሁን?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ያልሰማ እጩ መምህር ያለ አይመስለኝም። ዘመኑ ግን አባባሉን እየፈተነው ነው። ዛሬ በጽሑፍ ያለውም እየተረሳ ነው። ተመርቀው የወጡ መምህራን በቴሌግራም የከፈቱትን ቡድን ገብቶ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። በመስከረም አንዱ «የ1ኛ ክፍል ልጆች ፊደል መለየት ተቸገሩብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሦስት ጓደኞቹ ደህና ምክር ይለግሱታል። ወዲያው የበዓል ምኞት፣ የእግር ኳስ ወሬና የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ይግተለተላል። በጥር ሌላዋ መምህርት ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። የመስከረሙ መልስ የት ገባ? አልጠፋም፤ ከሺህ መልእክት በታች ተቀብሯል። የተቀበረና የጠፋ ደግሞ ለፈላጊው አንድ ነው።

ይህን ጉዳት የተረዱ ሰዎች ሁለት ዓይነት መፍትሔ ሲያቀርቡ እንሰማለን። አንደኛው ወገን የራሳችን የሆነ፣ በርእስ የተከፋፈለ፣ አወያይ ያለው የማኅበረሰብ የውይይት መድረክ ይቋቋም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የምን አንድ ቤት ነው? ጌታ የሌለው፣ ያልተማከለ የአጭር ጽሑፍ መረብ አለ አይደል? ሁላችንም እዚያ እንግባና እየተከታተልን እንጻጻፍ» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ቅን ናቸው። ሁለቱን እኩል መያዝ ግን ጊዜም፣ ጉልበትም፣ የዳታ ካርድም ይጠይቃልና መምረጥ ግድ ነው። በበኩሌ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴንም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?

ነገሩን ከአገራችን ልማድ ተነሥተን ብናየው ይቀላል። በሆሮ ጉዱሩ ያለው ኦዳ ቡሉቅ በገዳ ሥርዓት ስማቸው ከሚጠራ የሸንጎ ቦታዎች አንዱ ነው። በኦዳ ጥላ ሥር ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጉዳይ በየተራ ይቀርባል፣ ሸንጎውን የሚመራ አለ፣ ተናጋሪ ይደመጣል፣ በመጨረሻም የተስማሙበት ይታወጃል። ነገ የመጣ ሰው «በዚህ ጉዳይ ምን ተባለ?» ብሎ ቢጠይቅ መላሽ አያጣም።

የውይይት መድረክ የሚባለውም በኢንተርኔት ላይ ያለ ኦዳ ነው። አንድ ቤት ነው፤ ቤቱ ክፍል ክፍል አለው። የሒሳብ ትምህርት ለብቻ፣ የአፋን ኦሮሞ ትምህርት ለብቻ፣ የተማሪ ምዘና ለብቻ ይቀመጣል። ጥያቄ የጠየቀ ሰው ለጥያቄው ርእስ ይሰጣል፤ መልሶቹ ሁሉ ከዚያው ርእስ ሥር ይሰለፋሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ሰው አንድ ቃል ቢፈልግ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ ላይ ያገኛል። ለምሳሌ ዲስኮርስ የተባለው የዚህ ዓይነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሲሆን ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ሰርቨር ያለው ተቋም ወስዶ ሊተክለው ይችላል። አዲስ አባል መጀመሪያ እንዲያነብ፣ አንብቦና ተሳትፎ ከታየ በኋላ መብቱ በደረጃ እንዲሰፋ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህ ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም፤ እጩ መምህርም መጀመሪያ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ይመለከታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጠመኔ የሚይዘው።

ሁለተኛውን ለመረዳት ከኦዳው ጥላ ተነሥተን ወደ አፋር አገር እንሻገር። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወሬ የመለዋወጫ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላም ብለው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይሉና ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሰው ደህንነት። ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው ሄደው ለሚያገኙት ሰው ያቀብላሉ። ዳጉ ዋና መሥሪያ ቤት የለውም፣ ሊቀ መንበር የለውም፤ ወሬው ግን ሰፊውን በረሃ ያዳርሳል።

ያልተማከለው የአጭር ጽሑፍ መረብም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ማስቶዶን ሲሆን ኦይገን ሮሽኮ የተባለ ሰው በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ነው። ማስቶዶን አንድ ቤት አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎችና ማኅበራት በየራሳቸው ሰርቨር የከፈቷቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ናቸው። ቤቶቹ አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ይህን ቋንቋ ዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የተባለው የኢንተርኔት ደንብ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ አጽድቆታል። በአንዱ ቤት የተመዘገበ ሰው በሌላው ቤት ያለውን ሰው መከተል ይችላል። የሚጻፈው አጭር ነው፤ ቤቱ ካልጨመረ በቀር ከ500 ሆሄ አይበልጥም።

የመረቡ ወዳጆች ምን ይላሉ?

የተቃራኒን ሐሳብ አሳንሶ ማቅረብ የመምህር ወግ አይደለም። መረቡን የሚደግፉ ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው።

አንደኛ፣ ትልቅ ቤት ጌታ ሲቀየር ሕጉም ይቀየራል ይላሉ። እውነት ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በኢሎን መስክ ሲገዛ ብዙ ሺህ ሰዎች ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ማስቶዶን የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። በዓመቱ ስሙ እንኳ ቀርቶ ኤክስ ተባለ። ጉግል ፕላስ የተባለውም ትልቅ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ለሕዝቡ ሲዘጋ በውስጡ ይኖሩ የነበሩ የውይይት ማኅበራት አብረው ፈርሰዋል። ቤት የኪራይ ከሆነ አከራዩ በፈለገው ቀን ያስለቅቃል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ቤት በቀላሉ ይዘጋል፣ ሺህ ቤት ግን አይዘጋም ይላሉ። ይህንንም ማስረጃ በአገራችን ያገኙታል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ታግደው ነበር። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔቱ ራሱ አልተዘጋም፤ የተዘጉት የታወቁት ትልልቅ በሮች ነበሩ። ቪፒኤን መጠቀም የቻለ ገባ፣ ያልቻለ ቀረ። የመምህራን ቡድን በቴሌግራም ብቻ ከነበረ አብሮ ተቆለፈ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ለምን መረቡን አልመርጥም? ሁለቱ ነጥቦች በደንብ ሲታዩ የሚያስተምሩን የራስ ቤት መሥራትን ነውና ነው። በ2015 ከእገዳው የሚያመልጥ የነበረው በትልልቆቹ በሮች ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ቤት ነው። ያ ቤት አጭር ጽሑፍ የሚለጠፍበት ይሁን ወይም ረጅም ውይይት የሚካሄድበት ለዚህ ጉዳይ ለውጥ የለውም። የራሳችን የውይይት መድረክ ቢኖረን ኖሮ ያን ጥቅም እኩል እናገኘው ነበር። ስለዚህ የነፃነት ጥያቄና የአጻጻፍ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመረቡ ወዳጆች አንዱን ሲመልሱ ሁለተኛውንም የመለሱ ይመስላቸዋል።

ወለጋ በ2012 ያየችው

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፤ እሱም እኛ ወለጋዎች ከማንም በላይ የምናውቀው ነው። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ግጭት በነበረበት ጊዜ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የሞባይል ስልክ፣ የመደበኛ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ስልክና አጭር መልእክት የሚሠራው በትልልቅ ከተሞች ብቻ እንደነበር ነዋሪዎች ተናግረዋል። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። አገልግሎቱ የተመለሰው ግን መጋቢት 22 ቀን አካባቢ፣ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ደምቢ ዶሎ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ ያለ መምህር ያልተማከለ መረብ ቢኖረው ምን ይጠቅመው ነበር? ምንም። ቤቶቹ ሺህ ቢሆኑም ወደ ቤቶቹ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ነበር፤ እሱም ተቆርጧል። ያልተማከለው ቤቱ ነው እንጂ መስመሩ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ገብቶ የስልክ ድርጅቶቹ ሁለት ሆነዋል፤ ይሁንና በብዙ የገጠር ቀበሌ መምህሩ ዛሬም ኔትወርክ ፍለጋ ወደ አንዱ ኮረብታ ነው የሚወጣው። ኮረብታው አንድ ከሆነ መረቡ ሺህ ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

መስመር ሲቆረጥ የሚያድነው አስቀድሞ የተቀመጠ ነገር ነው። ሬዲዮ ነበር፣ መንገደኛ ነበር፣ ወረቀት ነበር። በርእስ የተቀመጠ ውይይት ሊታተም፣ ሊጠረዝና በፌስታል ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ሊላክ ይችላል። «ልጆች ንባብ ሲቸገሩ» የሚለው ርእስ ከነመልሶቹ አሥር ገጽ ቢሆን አሥር ገጽ ወረቀት ነው። የአንድ ዓመት አጭር ማስታወሻ ግን እንዴት ይታተማል? ማን ለማን እንደመለሰ፣ ስለ ምን እንደተነጋገሩ ለመለየት ሌላ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ለመታተም የማይመች ንግግር ለወለጋ መምህር አስተማማኝ ንግግር አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የእኛ ሥራ ምን ዓይነት ንግግር ይፈልጋል?

አንዳንድ ሰው «ንግግር ንግግር ነው፣ የት ቢሆን ምን ቸገረን?» ይላል። አይደለም። ንግግር እንደ ሥራው ይለያያል። «ነገ ስብሰባ አለ» ለማለት አንድ መሥመር ይበቃል፤ እንዲያውም ሲያጥር ይሻላል። «ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ የቡድን ሥራ እንዴት ላሠራ?» የሚል ጥያቄ ግን በአንድ መሥመር አይመለስም። መላሹ ስንት ዴስክ እንዳለ መጠየቅ አለበት፤ ጠያቂው መመለስ አለበት፤ ሌላው የሞከረውን መናገር አለበት፤ ጠያቂው በሳምንቱ ተመልሶ «ሞከርሁት፣ ይህኛው ሠራ፣ ያኛው አልሠራም» ማለት አለበት። ይህ በአንድ ርእስ ሥር ካልተሰበሰበ ትምህርት አይሆንም።

የሆሄ ገደቡ ራሱ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በግዕዝ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይሄዳል። ቁቤ ግን ሁለቱን ለየብቻ ይጽፋል፤ ረጅሙን አናባቢ በሁለት ፊደል፣ የሚጠብቀውንም ተነባቢ በሁለት ፊደል ያደርገዋል። የከተማችንን ስም ውሰዱ። «ነቀምቴ» በግዕዝ ፊደል 4 ሆሄ ነው፤ በቁቤ ግን 8 ፊደል ይሆናል። እንግዲህ የ500 ገደብ ለአማርኛ መምህሩ ሰፊ ሜዳ ሲሆን ለአፋን ኦሮሞ መምህሯ ጠባብ ጓሮ ይሆንባታል። በአካባቢያችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ሳለ ዋናውን ሥራ የሚያጠብ ቤት መምረጥ ብልህነት አይመስለኝም።

የተበተነውን መሰብሰብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፣ ነፃ ወጥተው፣ በምፅዋ አጠገብ ሞንኩሎ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን የተማሩ ናቸው። አስቴር 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከቃል ወደ ወረቀት አሰባሰበች። ከዚህ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 ሁለቱ ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ መጡ፤ ኦኔሲሞስም እስከ ሞተበት እስከ 1931 ድረስ በነቀምቴ አስተማረ። ያ ተረት ከአስቴር በፊትም በሰው ሁሉ አፍ ነበረ። ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፍ ነበር፤ ልክ እንደ አጭር ማስታወሻ። ለተማሪ መማሪያ የሆነው ግን አንዲት ሴት ቁጭ ብላ በአንድ ቦታ ስለሰበሰበችው ነው። የዛሬ መምህራንስ በየቡድኑ የምንበትነውን ማን ይሰብስብልን?

በየዓመቱ መምህር 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቅበታል። የጉድኝት ማዕከላትም የተቋቋሙት በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልምድ እንዲለዋወጡ ነው። በብዙ ቦታ ግን ይህ ሥራ ቅጽ ሞልቶ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ሆኖ ይቀራል ሲባል እንሰማለን። በርእስ የተሰበሰበ እውነተኛ ውይይት ለዚህ 60 ሰዓት ሥጋና ደም ይሆነዋል። አጭር ማስታወሻ መለጣጠፍ ግን ተጨማሪ ቅጽ ከመሆን አያልፍም።

ስለ ዘበኛውና ስለ ቁልፉ

የመረቡ ወዳጆች አሁንም አንድ ጥያቄ ይቀራቸዋል። «አንድ ቤት ካለ አንድ ጌታ ይኖራል፤ አወያዩ ቢከፋ፣ ያልወደደውን ቢያጠፋስ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚሆን ክፍል አለቃ ሆኖ ያየ ሁሉ ያውቃል።

ነገር ግን በመረቡም ዘበኛ አለ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዘበኛ አለው፤ ዘበኛው አንድን ሰው ብቻ ሳይሆን ሌላውን ቤት በሙሉ ማገድ ይችላል። ያን ጊዜ በጊምቢ ቤት ያለች መምህርት በነቀምቴ ቤት ካለው ጓደኛዋ ጋር ሁለቱም ሳያጠፉ ይቆራረጣሉ። ቤቱን የከፈተው በጎ ፈቃደኛ ሲሰለቸው ደግሞ ይዘጋዋል። ይህ በውጭ አገር በተደጋጋሚ የደረሰ ነው። አባላቱ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወሩ ተከታዮቻቸውን ይዘው መሄድ ይችላሉ፤ የጻፉትን ግን ይዘው አይሄዱም። ለመምህር የቱ ይበልጣል? ተከታዩ ወይስ የጻፈው?

በተጨማሪም ሕግ አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ይጠይቃል። አሥር ትንንሽ ቤት ካለ አሥር ሰው ሌሊት ሳይተኛ መጠበቅ አለበት። አንድ ቤት ካለ ሦስት ሰው ተራ ቢገባ ይበቃል።

ዳጉም ቢሆን እኮ ዝም ብሎ ወሬ ማቀበል አይደለም። ሰሚው «ራስህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ?» ይላል፤ ወሬኛ ተብሎ መታወቅ ትልቅ ነውር ነው። በመረቡ ላይ ግን ማጋራት አንድ ጣት መንካት ብቻ ነው፤ «ከማን ሰማህ?» የሚል የለም። የዳጉን ፍጥነት ወስዶ የዳጉን ጨዋነት መተው ጉዳቱ ምን እንደሆነ በግጭት ጊዜ የናፈሰ ወሬ ያስከተለውን ያየ ሰው አይጠይቀኝም።

አወያይ እንዳይከፋ መድኃኒቱም ከባህላችን ይገኛል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ማንም አይወርሰውም። እኛም አወያይን በዓመት ብንለውጥ ያው ነው።

ምን ይደረግ?

ትችት ያለ ሐሳብ ባዶ ስለሆነ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ. ተቋማችን በራሱ ስም አንድ የውይይት መድረክ ይክፈት። ክፍሎቹ በትምህርት ዓይነትና በክፍል ደረጃ ይለዩ። አባላቱ እጩ መምህራን፣ አስተማሪዎችና ተመርቀው በየወረዳው ያሉ መምህራን ይሁኑ። መጻፍ በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም ይፈቀድ።

2ኛ. አወያዮቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ከአስተማሪዎች፣ አንዱ ከእጩ መምህራን፣ አንዱ በገጠር ከሚያስተምሩ። በየዓመቱ በምርጫ ይቀየሩ። ጽሑፍ ሲያነሡ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

3ኛ. የቤቱ ቁልፍ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉና የአድራሻው ክፍያ፣ በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ቁልፉን የያዘው ሰው ሲዛወር ቤቱ አብሮ የሚዛወር ከሆነ ተከራይነታችን አልቀረም ማለት ነው።

4ኛ. በየወሩ የተሻሉ ውይይቶች ታትመው ይውጡ። አንድ ቅጂ በዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ፤ ሌላው መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ወደ ጉድኝት ማዕከላት ይላክ። መላው ውይይትም በፍላሽ ተገልብጦ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። መስመር ቢቆረጥ ያለፈው ዓመት እውቀት በእጃችን ይቆያል።

5ኛ. መረቡንና ቴሌግራምን እንደ ጥሩምባ እንጠቀምባቸው። «በሒሳብ ክፍል አዲስ ጥያቄ ገብቷል፣ ኑና መልሱ» ለማለት ከእነሱ የተሻለ የለም። ጥሩምባ ሰው ይጠራል፤ ሸንጎው ግን በጥሩምባው ላይ አይካሄድም።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሆንም የሚል ቢኖር እስማማለሁ። ሰርቨር እስኪገኝ ድረስ በያዝነው እንጀምር። ቴሌግራም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቡድንን በርእስ መከፋፈል ፈቅዷል። ዛሬ ማታ አንድ የቡድን አድሚን ይህን ቢያደርግ የነገው ጥያቄ ከእግር ኳሱ ወሬ ይለያል። ግን ይህ ጊዜያዊ ዳስ መሆኑን አንርሳ፤ ዳሱ የቆመው በሰው መሬት ላይ ነው። በ2015 በሩ አምስት ወር እንደተዘጋ አይተናል።

«ዳታ ውድ ነው፣ ማን ይከፍላል?» ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ፎቶና ቪዲዮ የሌለበት የጽሑፍ ውይይት የሚበላው ዳታ ጥቂት ነው፤ ከአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ጋር እንኳ አይወዳደርም። ውድ የሆነው ያንኑ ጥያቄ በየዓመቱ እንደ አዲስ መጠየቅ ነው። እሱን የሚከፍለው መምህሩ ብቻ አይደለም። ቤጊ ወይም ነጆ ገጠር ውስጥ ባዶ እግሩን መጥቶ ከሦስተኛው ዴስክ የተቀመጠው ልጅም ይከፍላል፤ መምህሩ መልሱን ፈልጎ እስኪያገኝ የልጁ የንባብ ዓመት ያልፍበታል።

በዚህ ሐምሌም ብዙዎቻችሁ ተመርቃችሁ ትበተናላችሁ። አንዱ ወደ ሲቡ ስሬ፣ አንዷ ወደ መንዲ፣ ሌላው ወደ ጊዳሚ። ስትለያዩ «በቴሌግራም እንገናኝ» ማለታችሁ አይቀርም፤ መልካም ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የምትገናኙበትን ቤት ሠርታችሁ፣ ክፍሉን ለይታችሁ፣ ዘበኛውን መርጣችሁ ሂዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሥራው ሲከፋፈል አይከብድም።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ካለ፣ በተለይም የመረቡ ወዳጆች፣ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡ። ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጠፋል። ሁለቱን አንብቦ የሚፈርደው አንባቢው ነው።